መጀመሪያ የማንን በር ላንኳኳ? አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ አንባቢዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች አካል ጉዳት ወይም የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉ ወላጆች፣ አያቶችና እህቶች የደረሱን ናቸው። የቢሮው ስምና የአገልግሎቱ አደረጃጀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሚጠየቀው ወረቀት፣ አጠያየቁና ቤተሰብን ደጅ የሚያስጠናው እንቅፋት ግን በየትም ተቀራራቢ ስለሆነ መልሶቹን ሁሉም ሊጠቀምባቸው በሚችል መንገድ አዘጋጅተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ሞላው። ሳይደገፍ መቀመጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። አይራመድም፤ «እማ» ከማለት በቀር ቃል አያወጣም። አንዱ ሐኪም ሴሬብራል ፖልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ሊሆን ይችላል አለኝ፣ ሌላው ምርመራው ይጨረስና እናያለን አለኝ። የበሽታው ስም ሳይታወቅ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል? ከቻልኩስ ከየት ልጀምር? (ግራ የገባኝ እናት)

መልስ፦ ይቻላል፤ መጠበቅም የለብዎትም። የችግሩ ስም ለሕክምናው ይጠቅማል። ድጋፍ የሚሰጠው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግን ልጅዎ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚቸግረውና የቀኑ ውሎ እንዴት እንደሆነ ነው። አንድ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ልጁን እንዴት እንደሚያስቀምጡት፣ እንደሚያቆሙትና እንደሚያቅፉት ለማሳየት የምርመራውን መደምደሚያ አይጠብቅም። ምርመራው በራሱ መንገድ ይቀጥል፤ ድጋፉ ጎን ለጎን ይጀመር። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ጡንቻ ያጥራል፣ መገጣጠሚያ ይገትራል፣ የማይቆም ልጅ ዳሌው ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። እነዚህን ቀድሞ መከላከል በኋላ ከማስተካከል በእጅጉ ይቀላል።

ልጃቸው ገና ሕፃን የሆነ አንባቢዎች እነዚህን መለኪያዎች ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የእድገት መለኪያ እንደሚያሳየው ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ 9 ወር ገደማ ሳይደገፉ ይቀመጣሉ፤ በ18 ወር ብቻቸውን ይራመዳሉ። ይህን ያለፈ ልጅ መታየት አለበት። 1 ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ቀድሞ ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ወደ እርስዎ ልጅ። ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ምርመራ ያስደርጉለት። ቃል ላላወጣ ልጅ ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመስማት ችግር ካለ ሳይታወቅ ሌላ የንግግር ሥልጠና መጀመር ልፋት ነው። የዓይን ምርመራም አብሮ ይታይ።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። ከላይ የልጁ ስም፣ የልደት ቀን፣ የእርስዎ ስምና ስልክ ይሁን። ከዚያ ማየት፣ መስማት፣ መንቀሳቀስ፣ እጅን መጠቀም፣ መመገብ፣ ሐሳብን መግለጽ፣ የሰው ንግግር መረዳት፣ ባሕርይና እንቅልፍ እያሉ በየመስመሩ ይጻፉ። ዩኒሴፍ የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ላይ ከሚሠራው ዓለም አቀፍ ስብስብ፣ ከዋሽንግተን ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የልጆች መጠይቅ አራት የመልስ ደረጃዎች አሉት፦ ምንም አይቸግረውም፣ ጥቂት ይቸግረዋል፣ በጣም ይቸግረዋል፣ ፈጽሞ አይችልም። እርስዎም በየመስመሩ ከእነዚህ አንዱን መርጠው አጠገቡ ምሳሌ ያስቀምጡ። «አይራመድም» ብቻ ብዙ አይናገርም። «ሁለት እጁን ሲይዙት አምስት እርምጃ ይሄዳል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይታጠፋል» የሚለው ግን ለባለሙያው የት እንደሚጀምር ይነግረዋል። ለቢሮ ሠራተኛውም በቅጹ ላይ የሚሞላውን ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ምን ያህል እንደተሻሻለ የሚታየውም በዚሁ ወረቀት ነው።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይጎዳል። የልጅን ገመና መሸፈን የፍቅር ነገር ስለሆነ፣ ገምጋሚ ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል» ይባላል። ገምጋሚውም የሰማውን ይጽፋል፤ ድጋፍ አያስፈልገውም የሚል ውሳኔ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለመመገብ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ አንድ ሰዓት ይበሉ። ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሡ ከሆነ ቁጥሩን ይጻፉ። መልካሙን ቀን ብቻ ሳይሆን ከባዱንም ቀን ይናገሩ። ልጁ የሚሰማና የሚረዳ ከሆነ ግን ይህን ወሬ እሱ በሌለበት ክፍል ያድርጉት።

ወረቀቱን ይዘው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ ይሂዱ። የመጀመሪያው ልጁ ክትባት የሚወስድበት ጤና ተቋም ነው። «ምን ይሻለዋል?» ብለው ሳይሆን የሚፈልጉትን በስም ጠርተው ይጠይቁ፦ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ወደ መስማትና ዓይን ምርመራ፣ ወደ ንግግርና አመጋገብ ባለሙያ የሪፈር ወረቀት። ሁለተኛው የአካባቢው አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነው። እዚያ የአካል ጉዳተኝነት ምዝገባ ወይም መታወቂያ፣ የገንዘብ ድጎማ፣ የሕክምናና የትራንስፖርት ክፍያ ቅናሽ፣ ቤት ለቤት የሚመጣ ባለሙያ መኖር አለመኖሩን አንድ በአንድ ይጠይቁ። ሠራተኛው ያልተጠየቀውን ላይነግርዎ ይችላል። ሦስተኛው የወላጆች ማኅበር ነው። የልጅዎ ችግር ዓይነት ባይሆንም ማንኛውም የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ማኅበር ይጠቅምዎታል፤ የትኛው ባለሙያ ለልጆች እንደሚሻል፣ የትኛው ቅጽ በምን ምክንያት እንደሚመለስ ከቢሮው በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማኅበር ካላገኙ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ተራ መጠበቂያ ላይ የተቀመጡትን እናቶች፣ የልዩ ፍላጎት መምህራንን፣ የሰው ሠራሽ አካልና የድጋፍ መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ይጠይቁ።

ከየትኛውም ቢሮ ሲወጡ ሁለት ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ፦ «ከዚህ ቀጥሎ የማነጋግረው ማንን ነው?» እና «የልጄን ፋይል የሚከታተለው ማን ነው?» አምስት ባለሙያ ሲያየው ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው ከሌለ፣ እያንዳንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ ያስባል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቤት ውስጥ የሚጀመር ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ያለባቸውን ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ለሚያሳድጉ ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን በጨዋታና በዕለት ሥራ ውስጥ ልጅን ማነጋገር እንዴት እንደሚቻል ያሳያል። በኢንተርኔት በነፃ የሚወሰድ ቅጂም አለው። በአካባቢዎ ይሰጥ እንደሆነ ጤና ተቋሙን ይጠይቁ።

ሲበላ የሚያስለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ የሚንኮራኮር ወይም የሳምባ ምች የሚመላለስበት ልጅ ግን ወረፋ አይጠብቅም፤ ምግብ ወደ ሳምባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታይ። እስከዚያ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይመግቡት፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንደተጣለ ፈጽሞ አያጉርሱት። ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ድጎማ ለማግኘት ማመልከቻ ካስገባሁ ወራት አልፈዋል። በሄድኩ ቁጥር ሌላ ወረቀት አምጣ ይሉኛል። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ «አይመለከታችሁም» አለኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ? (ደጅ የጠና አባት)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በቃል የተነገረዎት ገና ውሳኔ አይደለም። ምክንያቱ፣ ቀኑና ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የተገለጸበት ደብዳቤ ይጠይቁ። አንሰጥም ካሉ እርስዎ ይጻፉ፦ «በዚህ ቀን በቢሮአችሁ ተገኝቼ ልጄ ለድጎማው ብቁ እንዳልሆነ በቃል ተነግሮኛል፤ ውሳኔው ይህ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይዘው ይመለሱ። ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ ጉዳዩ ከሠራተኛው በጎ ፈቃድ ወጥቶ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ይሆናል።

«ሌላ ወረቀት አምጣ» ለሚለው መፍትሔው ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ መጠየቅና ሠራተኛው ፊት ጽፎ «ከዚህ ሌላ የቀረ አለ?» ብሎ ማረጋገጥ ነው። ፋይል ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በሦስት ምክንያት ነው። ስም በየሰነዱ የተለያየ ሆሄ ይይዛል፤ በልደት የምስክር ወረቀት በ«ሀ» የተጻፈው በሐኪም ወረቀት በ«ሐ» ይሆናል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ይባስ ይለያያል። የልደት ቀን በአንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍና የልጁ ዕድሜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛባል። የሐኪም ማስረጃው ደግሞ የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ ልጁ ምን ማድረግ እንደማይችል ሳይገልጽ ይቀራል። ሐኪሙን «በየቀኑ ምን ዓይነት የሰው እገዛ እንደሚያስፈልገው ቢጽፉልኝ» ብለው ይጠይቁት፤ በመጀመሪያው መልስ ለእናቲቱ እንዳልነው የልጅዎን ችሎታና ችግር በአንድ ገጽ ጽፈው ያሳዩት።

ዋናውን ሰነድ የትም አይተዉ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ አንድ ደብተር ይዘው ቀኑን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና የተባለውን ይመዝግቡ። ይግባኝ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜም አጭር ነው። ገደቡ የሚቆጠረው ከተጻፈበት ቀን ይሁን ከተቀበሉበት ቀን በዚያው ዕለት ይጠይቁ። የይግባኙ ደብዳቤ የቤቱን ችግር ሁሉ አይዘርዝር። ማመልከቻው ውድቅ የሆነበትን ምክንያት ጠቅሶ ለዚያው ብቻ መልስና ማስረጃ ያቅርብ።

ሕግ መጥቀስ ካስፈለገ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 23 ለእነዚህ ልጆችና ለሚያሳድጓቸው የሚሰጠው እርዳታ፣ የቤተሰቡ አቅም ታይቶ፣ በተቻለ መጠን በነፃ መሆን እንዳለበት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 ደግሞ በድህነት የሚኖሩ ቤተሰቦች ከአካል ጉዳቱ ለሚመጣ ወጪ የመንግሥት እገዛ እንዲያገኙ ያዝዛል። ሁለቱንም አብዛኛው የዓለም አገር ተቀብሏቸዋል። በይግባኙ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ይበቃቸዋል፤ ሚዛን የሚደፋው ማስረጃው ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ሴሬብራል ፖልሲ አለባት። አንድ በጎ አድራጊ ዊልቸር ሰጠን። ግን የአዋቂ ነው፤ ወደ ፊት ትንሸራተታለች፣ ወደ ጎን ትጋደማለች፣ እግሯም ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን ደግሞ ከመቀመጫዋ ላይ የጠቆረ ነገር አየሁ። (አያቷ)

መልስ፦ እናታችን፣ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። የጠቆረው ቦታ የግፊት ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይታይ በእጅዎ ይዳስሱት፦ ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል? ይጠነክራል? ሲነካ ያማታል? ከወንበሩ አውርደው በሆዷ ወይም በጎኗ ካስተኟት ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልለቀቀ፣ እስኪድን ድረስ በዚያ ቦታ ላይ አትቀመጥ። ቦታውን አያሹት፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ቆዳው ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ዊልቸር እንደ ጫማ በልክ የሚሰጥ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ አሰጣጡ ስምንት ደረጃ አለው፦ ሪፈርና ቀጠሮ፣ ግምገማ፣ የወንበር ምርጫ፣ ገንዘብና ትዕዛዝ፣ ዝግጅት፣ በልኳ ማስተካከል፣ ሥልጠና፣ ጥገናና ክትትል። ለእናንተ የደረሰው ወንበሩ ብቻ ነው። የሰጧችሁ ሰዎች በቅንነት ነው ያደረጉት፤ ነገር ግን ልክ ያልሆነ ወንበር አከርካሪን ያጣምማል፣ ቆዳን ያቆስላል።

ልኩን ራስዎ መውሰድ ይችላሉ። ልጅቱን በጠንካራ አግዳሚ ላይ፣ መቀመጫዋ እስከ ኋላ ደርሶ፣ ጉልበቷ በቀኝ ማዕዘን ታጥፎ ያስቀምጧት፤ አንድ ሰው ከጎን ይደግፋት። የዳሌዋ ስፋት የወንበሩ መቀመጫ ስፋት ነው። ከመቀመጫዋ ጀርባ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ ይለኩና ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ፤ ያ የመቀመጫው ጥልቀት ነው። ከጉልበት ማጠፊያዋ እስከ ተረከዟ ያለው የእግር ማሳረፊያውን ከፍታ ይወስናል። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

የምትንሸራተተው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይሆናል። መቀመጫው ከጭኗ ስለሚረዝም ጫፉ ከጉልበቷ በስተ ኋላ ይገፋታል፤ ከዚያ ለመሸሽ ዳሌዋ ወደ ፊት ይወጣል፣ በጭራዋ አጥንት ላይ ትቀመጣለች። የጠቆረውም ከዚያ የመጣ ይመስላል። ስፋቱ ወደ ጎን ያጋድማታል፤ እግሯ መንጠልጠሉም መንሸራተቷን ያብሰዋል።

በልኳ የሆነ እስኪገኝ ከጀርባዋ ጠንካራ ትራስ ወይም በጨርቅ የተለበጠ ጣውላ በማስገባት ጥልቀቱን ያሳጥሩ። ከዳሌዋ ግራና ቀኝ የተጠቀጠቀ ጠንካራ ስፖንጅ ያስገቡ፤ ለስላሳው ወዲያው ይሟሽሻል። እግሯ የሚያርፍበት የእንጨት ሣጥን ያሠሩ። ማሰሪያው በዳሌዋ ላይ፣ ከወንበሩ ጋር ወደ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ይለፍ፤ በሆዷ ላይ አይሁን። በደረቷ በኩል በነጠላ ወይም በገመድ በፍጹም አያስሯት፤ ከተንሸራተተች ማሰሪያው አንገቷ ላይ ይደርሳል።

ትራሱን በእጅዎ ይፈትኑት። እሷ ተቀምጣ ሳለ የጣትዎን ጫፍ ከመቀመጫዋ አጥንት ሥር ያስገቡ። ጣትዎ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ከቻለ ደህና ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን በቀላሉ ከወጣ አሥጊ ነው። ጣትዎ ተጣብቆ ከተያዘ ያ ትራስ ያቆስላታል። በወንበሩ ላይ ስትሆን በየ30 ደቂቃው ወደ ፊትና ወደ ጎን እያዘነበሉ ግፊቱን ይቀንሱላት። ቀኑን ሙሉም በወንበሩ ላይ አትዋል፤ መጋደምና ተደግፎ መቆምም ከውሎዋ ውስጥ ይግቡ።

አዲስ ወንበር ለማግኘት የተሐድሶ ማዕከል ወይም የድጋፍ መሣሪያ አምራች ይፈልጉ። ከመቀበልዎ በፊት ማን እንደሚለካት፣ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው፣ ጎማና ኩሽኔታ እንደሚገኝ ይጠይቁ። መንገዳችሁ ጠጠርና ጭቃ ከሆነ ይናገሩ፤ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ወንበር ትንንሽ የፊት ጎማ ስላለው ድንጋይ ላይ ይገለበጣል። እያደገች ስለሆነ ልኳ በየስድስት ወሩ ይታይ። እሷን ብቻዎን ማንሣትም ይቅር። ከአልጋ ወደ ወንበር የማሸጋገር ዘዴ ፊዚዮቴራፒስቱ በአንድ ቀጠሮ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ በስም ጠርተው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 12 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ አለበት። እናታችን ስለታመመች ሙሉ ቀን የምይዘው እኔ ነኝ። እንቅልፍ የለኝም። ለሌላ ሰው ልተወው ብዬ አስባለሁ፤ ግን ቢጥለውስ፣ ቢጮህስ ብዬ እፈራለሁ። ለእኔ የሚሆን ድጋፍ የሚባል ነገር አለ? (እህቱ)

መልስ፦ አለ፣ እህታችን። የተንከባካቢ ዕረፍት ይባላል፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው አንቀጽ 28ም ከሚዘረዝራቸው እርዳታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ስትጠይቂ እንደ ውለታ አትቁጠሪው። በአራት መልክ ይገኛል፦ ሠልጣኝ ሰው ቤት መጥቶ የሚይዝበት፣ የቀን ማቆያ፣ ለአዳር የሚቀበል ቤት፣ እንዲሁም ሁለት ቤተሰብ ተራ የሚገባበት። የመጨረሻው ቢሮ አይጠይቅም። ተመሳሳይ ልጅ ካላት ቤተሰብ ጋር ስንት ሰዓት በየትኛው ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ፤ በቃል የቀረ ስምምነት አንዱን ወገን አድክሞ ይፈርሳል።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ስትሄጂ «ደክሞኛል» ብቻ አትበያት። የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ፦ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ስንት ጊዜ ተነሣሽ፣ ከየትኛው ትምህርት ወይም ሥራ ቀረሽ። የምትጠይቂውም ቁርጥ ያለ ይሁን፤ «በሳምንት ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት» ለተባለ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ማለት ይቻላል።

የሚይዘው ሰው በድንገት አይረከበው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አንቺ ባለሽበት መጥቶ አብሮት ይቀመጥ። ቀጥሎ አንቺ በሌላ ክፍል ሆነሽ 30 ደቂቃ ይያዘው፤ ከዚያ ከቤት ወጥተሽ አንድ ሰዓት፤ ከዚያ ግማሽ ቀን። ወንድምሽ ለውጥ ስለሚከብደው ማን እንደሚመጣና አንቺ መቼ እንደምትመለሺ በሥዕል ወይም በፎቶ ቀድመሽ አሳዪው። ዕቅዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ቀን አንቺ የታመምሽበት ወይም ለቅሶ የሄድሽበት ቀን ሲሆን ነው፤ የቸኮለ ርክክብ ሁለቱንም ያስደነግጣል። ከተቻለ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው አለማምጂ።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፊ። መድኃኒቱ፣ መጠኑ በሚሊ ግራም ወይም በሚሊ ሊትር፣ ሰዓቱ። ምን እንደሚያስቆጣውና ምን እንደሚያረጋጋው። ሲርበው፣ ሲያመውና ሽንት ቤት ሲፈልግ በምን እንደሚገልጽ። ወደ ውጭ የመሮጥ ልማድ ካለው የትኛው በር እንደሚቆለፍና ቁልፉ የት እንዳለ። ሲጥለው የሚደረገውን በትልልቅ ፊደል ጻፊው፦ ሰዓት ተመልከት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ፤ ስለት ያለውንና የሚያቃጥለውን ከአጠገቡ አርቅ፤ በአፉ ምንም አትክተት፣ ክብሪትም አትጫር፤ እጅ እግሩን አጥብቀህ አትያዝ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኛው። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወይም መተንፈስ ካቃተው አስቸኳይ እርዳታ ይጠራ። የሚጥለው መሆኑን ከሚይዘው ሰው አትደብቂ። ሰው እንዳይሸሽ ተብሎ የሚደበቅ ነገር የልጁን ሕይወት ያሳጣል።

ስለ አንቺም እንጠይቅ። ለመተኛት ዕድል አግኝተሽ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሆድ የሚብስሽ፣ ነገር ሁሉ የሚያስጠላሽ ከሆነ ለራስሽ ካርድ አውጥተሽ ታከሚ። ራስሽን ወይም እሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሪና ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ልጃችን መስማት የተሳናት ናት፤ 7 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ የሠለጠነ መምህር የለንም ብሎ መለሰን። (ወላጆቿ)

መልስ፦ የአካል ጉዳተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ልጅ በአካል ጉዳት ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል፤ የምልክት ቋንቋ መማርንም በግልጽ ይጠቅሳል። ስለዚህ እምቢታውን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ነገር ግን አንድ ወንበር ከሌሎች መካከል ማግኘቷን ብቻ አትፈልጉ። ምልክት የሚችል መምህርና እኩያ በሌለበት ክፍል የተቀመጠች መስማት የተሳናት ልጅ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስንት መስማት የተሳናቸው ልጆች እንዳሉ፣ መምህሩ በምልክት ቋንቋ ማስተማር ይችል እንደሆነ፣ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ በምን እንደሚግባቡ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሁለታችሁም፣ እህት ወንድሞቿም ምልክት ቋንቋ ተማሩ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ብዙ ጊዜ ለቤተሰብ ትምህርት ይሰጣል ወይም የሚሰጥ ያውቃል።

በመስሚያ መሣሪያ ጥቂት የምትሰማ ከሆነ መምህሩ ወደ እሷ ዞሮ ይናገር፤ መስኮት ከጀርባው ካደረገ ፊቱ ስለሚጨልም ከንፈሩን ማየት አትችልም። መሣሪያው የሚያፏጭ ከሆነ ጆሮዋ አድጎ ከጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ጠቧት ወይም ላልቶባት ይሆናል፤ ይህ ክፍል በልጅነት በየጊዜው እንደገና መሠራት አለበት። መሣሪያ ስትቀበሉ ይህንና ባትሪውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ክሊኒክ ኦቲዝምን «ሙሉ በሙሉ እናድናለን» ይላል። ቤታችንን ሸጠን እንሂድ?

መልስ፦ አትሽጡ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። የስቴም ሴል መርፌ፣ ብረት ከደም የሚያስወግድ መድኃኒት፣ የኦክስጅን ክፍል ለኦቲዝም እንደሚሠሩ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም፤ አንዳንዶቹ ይጎዳሉ። «ተአምረኛ ጠብታ» ተብሎ የሚሸጠው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የማንጫ ኬሚካል ነው፤ ለልጅ አይሰጥም። ልጁን ሳያይ ውጤት የሚያረጋግጥ፣ ቅድሚያ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ሌላ ሐኪም እንዳታማክሩ የሚገፋ ሁሉ ይታለፍ። ገንዘቡ ለብዙ ዓመት የንግግር ሕክምና፣ የትራንስፖርትና የተንከባካቢ ዕረፍት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጃችን 16 ሊሞላው ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። 18 ሲሞላው የልጆች ክሊኒኩ እንደማያየው ነገሩን።

መልስ፦ ከአሁኑ ጀምሩ፤ ሁለት ዓመት ለዚህ ብዙ አይደለም። የልጆች አገልግሎት ቆሞ የአዋቂዎቹ ሳይጀመር በመሐል የሚጠፉ ብዙ ናቸው፤ መድኃኒታቸው የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ሐኪሙ የታሪክ ማጠቃለያ እንዲጽፍላችሁ አሁን ጠይቁ፦ ምርመራዎቹ፣ የተደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች፣ መድኃኒቶቹና መጠናቸው፣ ያልተስማሙት መድኃኒቶች። ከተቻለ የመጨረሻው ቀጠሮ አዲሱ ሐኪም ባለበት ይሁን። የልጅ ድጎማ በምን ዕድሜ እንደሚቋረጥና የአዋቂው ማመልከቻ ከስንት ወር በፊት እንደሚገባ ከማኅበራዊ ጉዳይ ክፍሉ በጽሑፍ ውሰዱ። መታወቂያ፣ የባንክ ሂሳብና ፊርማ ላይ ደግሞ ልጁን ከመተካታችሁ በፊት እየተደገፈ በራሱ መወሰን የሚችለው የቱ እንደሆነ ተመልከቱ፤ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ይህን መብት ይሰጠዋል። ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ ሐኪሙ የሚጠይቀውን እሱ እንዲመልስ አድርጉ። የመድኃኒቱን ስምና የሚወስድበትን ሰዓት መናገር ከለመደ በኋላ፣ የቀጠሮ ወረቀቱን ራሱ ይያዝ፣ ለካርድ ክፍሉም ስሙን ራሱ ይንገር።